አሥራ አራተኛው ድንጋይ

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ቱሉ ጃርሳ ወጣሁ። ለሰባተኛ ጊዜ። ከካራ ታክሲ መጨረሻ እስከ ጫፉ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ባለፈው ሁለት ሰዓት ከአሥር ነበር። ጭቃው ገና ስላልደረቀ ነው ልበል ወይስ እድሜ? ጭቃው ነው።

መንገዱን እዚህም ልጻፈው፣ ቴሌግራም ቻናሌ ላይ ያለው ቢጠፋ… ከታክሲ መጨረሻ በግራ፣ የገብስ ማሳውን ዳር ዳሩን። ጅረቱን በድንጋዮቹ ላይ መሻገር። ከዚያ ባሕር ዛፉ ውስጥ መግባት፤ ባለሁለት ግንዱ ትልቁ ባሕር ዛፍ ጋ ሲደረስ ወደ ቀኝ። ወደ ግራ የሄደ ገደል ላይ ነው የሚወጣው። ከዚያ የእማማ ዳርቱ ግቢ። ከሳቸው ቤት በላይ ዛፍ የለም፣ ሳርና ድንጋይ ብቻ።

ጫፉ ላይ ማንም አልነበረም። በምሥራቅ የለገዳዲ ውኃ ያብረቀርቃል፣ በዚህ በኩል ከተማው ጭጋግ ለብሷል። ሰው ሁሉ እንጦጦ ፓርክ ነው ያለው፣ ቤት የሚያህል ቦርሳ ተሸክሞ ፎቶ ሊነሳ። ራስ ሳይጠና ጉተና።

ስወርድ እማማ ዳርቱ አሬራ በጣሳ ሰጡኝ።

«ዛሬም ወጣህ?»

«ወጣሁ።»

«አህያ ጠፍቶብህ ነው?»

ሁልጊዜ ይህንኑ ይጠይቁኛል፣ እኔም ሁልጊዜ እስቃለሁ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከአንዲት ላምና ከጥጃዋ ጋር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ልጃቸው ቀጀላ ካራ ተከራይቶ ግንበኝነት ይሠራል። የተራራውን ስም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ካርታ ሥራ ላይ ሳለሁ ይህን ጫፍ በራሴ እጅ ነበር ያስቀመጥኩት… አንዲት ነጥብና 2986 የሚል ቁጥር። ስም አልነበረውም። በሠላሳ አንድ ዓመት ስንት ስም የሌለው ነጥብ አስቀምጬ ይሆን?

ቀበና ቤቴ ስገባ አሥራ አንድ ሰዓት። ከእማማ ዳርቱ በቀር ዛሬ ያነጋገርኩት ሰው የታክሲውን ረዳት ነው። «ወራጅ አለ» አልኩት።


ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ቻናሌን ከፍቼ አየሁ። «የማይታወቁ ጫፎች»። አሥራ አንድ አባል። አንዱ እኔው ነኝ፣ በሁለተኛው ስልኬ። አንዷ እህቴ አፀደ ናት፤ ሐዋሳ ሆና፣ በሕይወቷ ከፎቅ ደረጃ በላይ ወጥታ የማታውቅ። ስድስት ተራራ ጽፌያለሁ። አንድም ሰው «ሄጄ ነበር» ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ ግን! ሀሴት የምትባል ልጅ ጻፈችልኝ። «ጋሼ ቅዳሜ ቱሉ ጃርሳ ልንወጣ ነው፣ አራት ሆነን። መንገዱ ሴፍ ነው?»

ሴፍ ነው አልኳት። አብሬያችሁ ልምጣ ልላት ነበር… አላልኩም። አልጋበዙኝም። አራት ጊዜ አነበብኩት መልእክቱን።


ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

አልወጣሁም። ለልጆቹ ለቀቅኩላቸው። ቤት ተቀምጬ ሰዓት አያለሁ… አሁን ጅረቱ ጋ ደርሰዋል። አሁን ባሕር ዛፉ ውስጥ ናቸው። አሁን እማማ ዳርቱ «አህያ ጠፍቷችሁ ነው?» እያሏቸው ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሀሴት ጻፈች። አልደረሱም። «ጋሼ ባለሁለት ግንድ ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ግራ ገብቶን ገደል ላይ ወጣን፣ ጓደኛችን እግሯን ወለም አላት፣ ተመለስን። ምልክት ነገር ቢኖረው አሪፍ ነበር።»

የለም? እንዴት የለም?


ጥቅምት 17፣ እሑድ

ሄጄ አየሁ። ተቆርጧል። ባለፈው ሳምንት የቆመው ዛፍ ዛሬ ጉቶው ብቻ ነው ያለው፣ ገና እርጥብ። አንዱ ሕንፃ ላይ መወጣጫ ሆኖ ይሆናል። ካርታ ሲሠራ የኖረ ሰው ባሕር ዛፍን ምልክት ያደርጋል? በየጥቂት ዓመቱ የሚቆረጠውን? አፈርኩ፣ እውነት አፈርኩ። የልጅቷ እግርስ ቢሰበር ኖሮ?

ድንጋይ ግን አይቆረጥም። ድንጋይ ላይ ቀለም መቀባት ነው።

እማማ ዳርቱን ላማክራቸው ፈልጌ ነበር፣ ቸርች ሄደዋል፣ በሩ ዝግ ነው። ላሟ ብቻ አየችኝ።


ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ሾላ ወርጄ ቀለም ገዛሁ። አንድ ጋሎንና ሁለት ብሩሽ።

«ምን ዓይነት ይሁንልዎ?» አለኝ ባለሱቁ።

«ቀይ።»

አላመነታሁም። መንገድ ቀይ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ስስል የኖርኩት በቀይ ነው። ከሩቅም ይታያል።


ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ሃያ ሁለት ድንጋይ! ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በእያንዳንዱ ላይ ቀስትና ቁጥር። ቁጥሮቹ እንዴት ያምራሉ… እጄ አልረሳም። ካርታ ክፍል የነበርን ሰዎች ቁጥር ስንጽፍ ማንም ማተሚያ ነው ይላል።

አሥራ አራተኛው እማማ ዳርቱ በር ላይ ያለው ትልቁ ድንጋይ ነው። እዚያ ጋ ነው መንገዱ ወደ ላይ የሚታጠፈው፣ ሰው እንዳይስት ቁጥሩን ትልቅ አደረግሁት። ቀለም ስለተረፈኝ የድንጋይ አጥሩንም ጥግ ነካ ነካ አደረግሁት፣ ከታች እንዲታይ። ሐሙስ ስለሆነ ገበያ ሄደዋል። ሲመለሱ አይተው ይገረማሉ። ቅዳሜ ስሄድ ደግሞ ምን ብለው እንደሚያሾፉብኝ…

ጥሩ ቀን ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥሩ ቀን። ጉልበቴ ግን ስወርድ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር።


ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ጉልበቴ ዳቦ አክሏል።


ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ክሊኒክ። ውኃ ቋጥሯል አለኝ ሐኪሙ፣ ሦስት ሳምንት ዳገት የለም። «አባባ፣ በዚህ ዕድሜ ተራራ ምን ያደርግልዎታል?»

አባባ አለኝ። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው! መድኃኒቴን ተቀብዬ ወጣሁ።


ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ጉልበቴ ካበጠ ሁለተኛው ቅዳሜ። መስኮት ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ወንዙ ዳር የነበሩት ጎረቤቶቼ ከተነሡ ወዲህ የሚታይ ነገር የለም፣ ቆርቆሮ አጥርና ከአጥሩ ወዲያ ባዶ መሬት። ድሮ በዚህ ሰዓት የሰው ልጅ ሳቅ ነበር፣ የሬዲዮ ጩኸት ነበር፣ እናቴ በሕይወት እያለች «ድምፁን ቀንሱልን በሏቸው» ትል ነበር። እሷም ከሞተች ሦስት ዓመቷ። ሚስት አላገባሁም። ለምን አላገባህም የሚለኝ ሰውም አሁን የለም።

ብቸኛ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

እማማ ዳርቱ ምን ሆኖ ቀረ ብለው ይሆን? ስልክ የላቸውም። ቢኖራቸውስ ምን እላቸዋለሁ፣ ጉልበቴን አመመኝ?


ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ድመቷን «ሂጂ» አልኳት። ይቆጠራል?


ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። በተርታ ልጻፈው።

ጉልበቴ ተሻለኝ። ሄድኩ። ቀስ እያልኩ፣ በምርኩዝ። አንደኛው ድንጋይ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው… ቀለሙ አልደበዘዘም፣ ደስ ብሎኛል፣ እንዲያውም ፎቶ አንስቼአለሁ። አሥራ ሦስተኛውን አልፌ ቀና ስል ቤቱ የለም።

ቆርቆሮው የለም። በሩ የለም። መስኮቱ የለም። ምሰሶዎቹ ተነቅለዋል፤ የቆመው ግማሽ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ላሟ የለችም፣ ጥጃዋ የለችም። በሩ ላይ ትልቁ ድንጋይ አለ፣ የእኔ ቀይ አሥራ አራት ተጽፎበት።

ሞተዋል ብዬ ነው መጀመሪያ ያሰብኩት። እዚያው ተቀመጥኩ። ጂቱ የምትባል ሴት፣ ከታች ያለችው ጎረቤታቸው፣ ቅጠል ተሸክማ ስትወርድ አገኘችኝ።

«ሴትዮዋ… ምን ሆኑ?»

«አዴ ዳርቱ? ደህና ናቸው። ካራ፣ ልጃቸው ጋ ገቡ።»

«ቤቱስ?»

«አላዩም እንዴ? ተቀባ እኮ!» ድንጋዩን አሳየችኝ፣ በአገጯ። «ገበያ ውለው ሲመጡ ቁጥር ተጽፎበት አገኙት። አጥሩም ተቀብቷል። ከታች እስከ ላይ ድንጋዩ ሁሉ ተቀብቷል። ማን እንደቀባው ያየ ሰው የለም። መንገድ ይወጣል አሉ፣ ሎጅ ነው ያለም አለ።»

«ወረዳ አልጠየቃችሁም?»

«ቀጀላ ጠየቀ። እኛ ጋ የለም አሉት። ኧረ፣ የለም ሲሉህ አይደል መፍራት? ማሽን ሳይመጣብን ቆርቆሯችንን እናውጣ ብሎ በሁለት ቀን አፈረሰው። ላሟንም ሸጧት። ኪራይ ቤት ውስጥ ላም የት ይታሰራል?»

ከዚያ እኔን አየችኝ። «እርስዎ ይመጡ የነበሩት ሰውዬ አይደሉ? አዴ ዳርቱ ስለ እርስዎ ይጠይቁን ነበር እኮ። ከተቀባ በኋላ በነበሩት ሁለት ቅዳሜዎች በር ላይ ቁጭ ብለው ጠብቀዎታል። ከተማ ያለ ሰው ነው፣ የተማረ ነው፣ እሱ ያውቃል እያሉ።»

እኔ ምን አልኩ? «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩ። አዎ። እንደዚያ ነው ያልኩት።


ኅዳር 15፣ እሑድ

ጎረቤቶቼ በር ላይ ቀይ ቁጥር ሲጻፍ በዚህ መስኮት ቆሜ አላየሁም? አይቻለሁ። እትዬ ሰርክ ቁጥሩን በእጃቸው ሲያብሱት፣ ቀለሙም እጃቸው ላይ ሲቀር አይቻለሁ። በዚህ ከተማ ግድግዳ ላይ ቀይ ቁጥር ይፈርሳል ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። እኔ ብሩሽ ስይዝ ግን… ካርታ ላይ ነበርኩ። ካርታ ላይ ሰው የለም። ቤት ማለት ትንሽ ጥቁር አራት ማዕዘን ነው።

ቅዳሜ ሄጄ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ይህ የተረገመ ጉልበት።

አይ፣ ጉልበቴ ምን አደረገ።


ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ቀለሙን ፋቅኩት። በሽቦ ብሩሽና በቲነር፣ ሃያ ሁለቱንም። ከመቀባቱ ይልቅ መፋቁ እጥፍ ጊዜ ወሰደ። የአሥራ አራተኛው እስኪለቅ ድረስ መዳፌ ቆሰለ፤ አሁንም ልብ ብሎ ላየው ቀላ ያለ ጥላ ቀርቷል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ!

እውነቱን ልጻፍ፣ እዚህ ላይ እንኳ ካልጻፍኩ የት ልጽፍ ነው። ለሳቸው ብዬ አይደለም የፋቅኩት። ማን ቀባው ሲባል የእኔን የቁጥር አጣጣል የሚያውቅ ሰው እንዳይመጣ ነው። ማን ነው የሚመጣው? የእኔን እጅ ጽሑፍ የሚያውቅ ሰው አለ?


ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ካራ ሄድኩ። ጠይቄ ቤቱን አገኘሁት። አንድ ግቢ ውስጥ በተርታ የተሠሩ ሰርቪስ ቤቶች፣ የመጨረሻው ክፍል። እማማ ዳርቱ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ምንም አያደርጉም። እጃቸው ሥራ ፈቶ አይቼ አላውቅም፣ አንድም ቀን። ቆርቆሮዎቹ አጥሩ ላይ ተደርድረዋል።

የግቢው በር ጋ ደርሼ ተመለስኩ። አላዩኝም። አሥር እርምጃ ነበር የቀረኝ።

ፈሪ።


ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ነገርኳቸው።

ስገባ ፊታቸው በራ፣ ያ ነው የገደለኝ። «መጣህ! ታመህ ነበር? ጂቱ ምርኩዝ ይዟል አለችኝ። ቀጀላ፣ ወንበር አምጣለት።» ቀጀላ ከሥራ ገና መግባቱ ነው፣ ሲሚንቶ ጫማው ላይ አለ። ወንበሩን አመጣ። አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ አልናገርም ብዬ።

«እማማ ዳርቱ፣ ድንጋዩን የቀባሁት እኔ ነኝ።»

አልገባቸውም። እንደገና ነገርኳቸው። ተራራ የሚወጡ ልጆች እንዳይጠፉ፣ ለመንገድ ምልክት… ስናገረው እንዴት ያለ የሞኝ ነገር ነው። ቀጀላ ተነሣ።

«ሰውዬ፣ ሊቀልዱብን ነው የመጡት?»

«አይደለም።»

«መንግሥት አይደለም? ማንም አይደለም? ለሽርሽር ነው?» ከዚያ ወዲያ አንተ አለኝ፣ አልፈርድበትም። «አባቴ የሠራውን ቤት በገዛ እጄ ነው ያፈረስኩት! በገዛ እጄ! ቀለሙንስ ማን ፋቀው? ቀለሙ ጠፋ ሲባል እናቴ የባሰ እንቅልፍ አጣች፣ ታውቃለህ?»

«እኔ ነኝ የፋቅኩት።»

ሊመታኝ ነበር መሰለኝ። እማማ ዳርቱ ክንዱን ያዙት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ለምን ቀይ?»

«ከሩቅ ስለሚታይ።»

«ታየ» አሉ። ገብተው በሩን ዘጉት።


ኅዳር 29፣ እሑድ

ቀጀላ ደወለ፤ ሐሙስ ስወጣ ቁጥሬን ተቀብሎኝ ነበር። ድምፁ ደረቅ ነው። በሽማግሌ ይታያል፣ ኦቦ ጋሮማ ጉዳዩን ይዘውታል። የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ክስ ከመመሥረቱ በፊት እሳቸው ጋ ይቀርባል።

«ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት። እዚያው የፈረሰው ቤት ደጅ። ከእኛ ሦስት ሰው ይቀመጣል። ከአንተም ሦስት ሰው። ሰው ይዘህ ና።»

«እሺ» አልኩ።

ሦስት ሰው።


ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ሦስት ሰው… ስልኬ ውስጥ ያለውን ስም ከ«ሀ» ጀምሬ ወረድኩ። ግማሹ የሞተ ነው፣ ለምን እንዳላጠፋሁት እንጃ። ፍሮምሳ ጋ ደወልኩ፤ ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ሠርተናል፣ ኦሮምኛም ይችላል፣ አነጋገርም ያውቃል። ደስ አለው ስደውል፣ ስንት ዓመት ሆነን አለኝ። ቅዳሜ ስለው ግን የሚስቱ ወንድም ተዝካር አለበት። እውነቱን ነው፣ ውሸታም ሰው አይደለም። «ቀደም ብለህ ብትነግረኝ» አለኝ። ምኑን ቀደም ብዬ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ቀን ደውዬለት አላውቅም።

አፀደ፦ «ከሐዋሳ ለዚህ? ደግሞስ ምን ሆነህ ነው የሰው ደጅ የምትቀባው? አሞሃል?»


ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ለሀሴት ጻፍኩ። አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩ። የማላውቃትን ልጅ ወገን ሁኚኝ እላለሁ? ላክሁት። «ጋሼ ሶሪ ቅዳሜ ፈተና አለብን፣ ግን ሲሪየስሊ በጣም ያሳዝናል» አለች።

የጎረቤቶቼን ስልክ አልያዝኩም። አራት ቦታ ተበትነዋል፣ ኮንዶሚኒየም። ሲሄዱ የመሰነባበቻ ድግስ አድርገው ነበር፣ እትዬ ሰርክ ራሳቸው በሬን አንኳኩተው ጠርተውኝ ነበር። ቅዳሜ ነበር ቀኑ። ተራራ ላይ ዋልኩ።

ሰው የሌለበት ጫፍ ስፈልግ ኖሬ አሁን ሦስት ሰው ጠፋኝ። በማን ላይ ነው የምናደደው?


ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ማንም የለም። መቅረት አሰብኩ። ስልኬን አጥፍቼ ሐዋሳ መሄድ… አሰብኩ ብቻ። ጫማዬን ጠርጌ አስቀመጥኩ።


ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

በሦስት ሰዓት ደረስኩ። ከሁሉም ቀድሜ። ለመቀመጫ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ሦስት በዚህ፣ ሦስት በዚያ፣ መሐል ላይ አንድ። ቀጀላ አጎቱንና ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ፤ ሦስቱ በወዲያ ተቀመጡ፣ ቀጀላ ከኋላቸው ቆመ። እማማ ዳርቱ ከልጃቸው ጎን መሬት ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። አላዩኝም። ኦቦ ጋሮማ መሐል ሆኑ። ቀጭን ረጅም ሰው ናቸው፣ የተቆለፈ ካፖርት በፀሐይ። በኦሮምኛ መረቁ፣ ከዚያ ለእኔ ብለው በአማርኛ መለሱት። ከዚያ የእኔን ሦስት ድንጋይ አዩ።

«ሰዎችህስ?»

«የሉኝም።»

«መንገድ ላይ ናቸው?»

«አይደሉም፣ ኦቦ። የሉኝም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ ስል እንኳ እንደዚያ አላፈርኩም።

«እንግዲህ» አሉ ኦቦ ጋሮማ፣ «አንድ ወገን ብቻ ተቀምጦ ዕርቅ አይሆንም። የሚናገርልህ፣ ኋላ የሚዋስህ ሰው ያስፈልጋል። ሌላ ቀን እንቅጠርልህ?»

«ሌላ ቀንም አይኖሩኝም።»

ታች ጂቱ ቤት የገብስ ውቂያ አለ፣ በሬዎቹን ሲነዱ ይሰማል። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ከዚያ የነጠላ መራገፍ ሰማሁ። እማማ ዳርቱ ተነሥተዋል። ወገባቸውን ይዘው፣ ቀስ እያሉ መሐሉን አቋረጡና መጥተው እኔ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ሀርሜ!» አለ ቀጀላ። «ምን እያደረግሽ ነው? አንቺ እኮ የኛ ወገን ነሽ!»

«የፈረሰው የኔ ቤት ነው አይደል? የት እንደምቀመጥ እኔ አውቃለሁ።»

«ተበዳይ ለበዳይ ወገን ይሆናል እንዴ፣ ዳርቱ?» አሉ ኦቦ ጋሮማ። «አይተንም አናውቅ።»

«እንግዲያ ዛሬ እዩ። በየሳምንቱ ደጄ የመጣ ሰው ይኼ ነው። አንተ» ልጃቸውን ነው፣ «አንተ እንኳ ለበዓል ነው የምትመጣው።» ቀጀላ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፣ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ። ፊታቸው አልለዘበም። «አልማርኩህም። እንዳይመስልህ። ላሜን ሸጫለሁ። ግን ሰው ብቻውን ሲዳኝ አላይም።»

አለቀስኩ። እዚያው፣ በሰው ፊት፣ ስድሳ አንድ ዓመቴን ይዤ። ማንም አላባበለኝም፣ ማንም አልሳቀም። ኦቦ ጋሮማ እስክጨርስ ጠበቁኝ፣ ከዚያ «ንገረን» አሉ። ነገርኳቸው፣ ከተቆረጠው ዛፍ ጀምሬ። መፋቄንም ለምን እንደፋቅኩ ነገርኳቸው። እዚያ ላይ አንዱ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። እማማ ዳርቱ ሁለት ጊዜ ስለ እኔ ተናገሩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በእኔ ላይ።

ፍርዱ፦ ቤቱ እዚያው፣ በቦታው ይቆማል። እንጨቱን እኔ አቀርባለሁ፣ ቀጀላ ይሠራል፣ እኔ ሥር ሥሩ እታዘዛለሁ፣ እስኪያልቅ ድረስ። ላሟን የገዛው ሰው ለገጣፎ ነው ያለው፤ ከቀጀላ ጋር አብረን ሄደን እንለምነዋለን። እምቢ ካለ ሌላ ላም እኔ እፈልጋለሁ። ቀለም የሚባል ነገር ደግሞ በዚያ ተራራ ላይ ዳግመኛ አይታይም። ዋስ ማን ነው ሲባል እማማ ዳርቱ እጃቸውን አወጡ። ሽማግሌዎቹ በዚህ ጊዜ ሳቁ። ቀጀላም አፉን በእጁ ሸፈነ።

«ቅዳሜ ጭቃ ይቦካል» አለኝ ቀጀላ ስንለያይ፣ ሌላ ቦታ እያየ። «ሁለት ሰዓት። አሮጌ ልብስ ያድርጉ።» ወደ እርስዎ ተመለሰ፣ ልብ አልኩ።

አብረን ወረድን፣ እማማ ዳርቱና እኔ። ጅረቱ ጋ ክንዴን ያዙ። ለሳቸው ጉልበት ይሁን ለእኔ ጉልበት አላወቅሁም። እስከ ታክሲው ድረስ አልለቀቁኝም። ረዳቱ ተጣራ፣ ገባሁ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። መስተዋቱን በጣታቸው አንኳኩ። ከፈትኩት።

«ቅዳሜ» አሉኝ።

«ቅዳሜ» አልኳቸው።